አቃቂ የታየ፣ ሳሪስ የታየ፣ ቃሊቲ ያልታየ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምትኖረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ሳይንስ እኮ አረጋገጠ። ሰው ያላየው ነገር ቦታ የለውም። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይሆናል። ኳንተም ይባላል» ስትል ሰማኋት። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ጉድ አሉ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ሳስተምር የኖርኩ ሴት ነኝ። ለቅሶ ቤት ነው፣ ዝም ይባላል። ደግሞ ከአክስቴ ቤት የወጣ ሰው «ካልታየ የለም» ሲል መስማት ለእኔ አዲስ አይደለም።

ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ ልጻፈው። ዌቭ ፈንክሽን የሚባለው ነገር ስለ አንዲት ቅንጣት መገኛ ምን እንደሚነግረን፣ እኔም ኮሌጅ ሳለሁ በአንድ ዓመት ማለዳ ማለዳ የት እንደነበርኩ። የፊተኛውን ያስተማሩኝን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። የኋለኛውን እኔን ራሴን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከሁሉ አብልጬ አመሰግነዋለሁ። የቀሩትን በስም አልጠራም። ያወቃቸው ያውቃቸዋል።

ያደግኩት አቃቂ በሰቃ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀርባ በነበሩት የሠራተኛ ቤቶች ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። መንገዱ ዳር በየጊዜው አንድ አዲስ ፋብሪካ ይቆማል፣ ሰው ከየአገሩ እየመጣ ይቀጠራል፣ ጠዋትና ማታ ሲረኑ ሲጮህ ግማሹ ሰፈር ወጥቶ ግማሹ ይገባል። አባቴ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ቤታችንን ከሩቅ ሆና የምታዘው የአባቴ ታላቅ እህት ነበረች። እሷ የምትኖረው ቃሊቲ፣ ኬላው ፊት ለፊት ነው። ባሏ የኬላው ፈታሽ ነበር። በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬአለሁ። ይህ ጽሑፍ ግን የእኔ ስለሆነ እሱ እለዋለሁ።

ከአቃቂ ወደ ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ቃሊቲ ኬላ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ነው ሳሪስ። ፈታሹ ይወጣል፣ ከረጢት ይዳብሳል፣ ቀረጥ እንዳያመልጠው የቅቤ ቅል ያሸታል፣ እግረ መንገዱንም የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ያያል። ከከተማ በሚመለሰውም ላይ ልማድ ሆኖበት ይወጣል። ከዚህ የተነሣ በእኛ በኩል አንድ ወግ ነበር። ሰው የት እንዳለ ለማወቅ ሲፈለግ ራሱ ሲመጣ አይጠየቅም፤ ኬላ ይጠየቃል። ባሏ የዘገየባት ሴት፣ ልጁ የጠፋበት አባት፣ ሁሉም ወደ ቃሊቲ ሰው ይልካል። «አልፏል» ከተባለ አልፏል። «አላለፈም» ከተባለ አላለፈም። አንድ ሠራተኛ በወንዙ በኩል በእግሩ አቋርጦ ቤቱ ቢገባ፣ ሚስቱ «ኬላው አላለፈም ብሏል» ብላ ራቱን ለጎረቤት ሰጥታበት ቆየችው። ሰፈሩ በሰውየው ሲስቅ ከረመ። በኬላው የሳቀ አልነበረም።

እኔ ከተማ ያለው ኮሌጅ ገብቼ ሳይንስ ማጥናት ስጀምር አክስቴ ደስ አላላትም። ለሴት ልጅ ጽሕፈት መኪና መማር ይበቃታል ባይ ነበረች። አባቴ ግን «ትማር» ብሎ ስለነበር እኔም ጠዋት በአውቶቡስ እወጣለሁ፣ ማታ በአውቶቡስ እወርዳለሁ። የአክስቴም ባል ጠዋት ያየኛል፣ ማታ ያየኛል፣ ለአክስቴም ይነግራታል። አንድ ዓመት እንዲህ በሰላም አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ፊዚክስ የሚያስተምሩን ህንዳዊ መምህር መጡ። ቀጭን፣ በሙቀትም በብርድም የሱፍ ሰደርያ የሚለብሱ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሁለት ቋሚ መስመሮች አሠመሩ። «እነዚህ ግድግዳዎች ናቸው» አሉ። «በመካከላቸው አንዲት ቅንጣት ተዘግታለች። ኤሌክትሮን በሏት። መውጫ የላትም። የት ትገኛለች?»

ከዚያም ሞገድ ሣሉ። የመጀመሪያው ሞገድ አንድ ጉብታ ነበር፤ ግድግዳዎቹ ዘንድ ዜሮ፣ መሐሉ ላይ ከፍተኛ። ሁለተኛው ሞገድ ግን መሐሉ ላይ ዜሮ ሆነ፤ ግራው ወደ ላይ ያበጠ፣ ቀኙ ወደ ታች የጎደጎደ። «ይህ ዌቭ ፈንክሽን ነው። ራሱን እንዳለ አታነቡትም። በየነጥቡ ያለውን ቁጥር በራሱ አባዙት» አሉን። ስናባዛው ወደ ታች የጎደጎደውም ወደ ላይ ወጣና ሁለት እኩል ጉብታዎች ሆኑ፣ በመካከላቸው ባዶ። «ጉብታው ከፍ ባለበት ብትፈልጓት የማግኘት ዕድላችሁ ብዙ ነው። ዝቅ ባለበት ትንሽ ነው። ግራ ትገኛለች። ቀኝ ትገኛለች። ልክ መሐሉ ላይ አትገኝም።»

እጄን አወጣሁ። በዚያ ክፍል ሴቶች ጥቂት ነበርን፤ እጅ የምናወጣው ደግሞ ከዚያም ያነስን ነበርን። «መሐል የማትገኝ ከሆነ ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት ታልፋለች?» አልኩ።

ከፊት ወንበር አንድ ልጅ ዞር ብሎ በአማርኛ፣ «እህቴ፣ በአውቶቡስ መሰለሽ እንዴ የምትሄደው?» አለኝ። የአቃቂ ልጅ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ቀጠለና ለክፍሉ፣ «አቃቂ የታየ፣ ሳሪስ የታየ፣ ቃሊቲ ያልታየ። ይሄ እንግዲህ ኬላውን የሚሸሽ ቅቤ ነጋዴ መሆን አለበት» አለ።

ክፍሉ ፈረሰ በሳቅ። ያ ልጅ ኋላ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ብዙ ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ያንን አልነፍገውም። መልሱን ግን እሱም አያውቀውም ነበር። እኔ ያላወቅሁትን ጠየቅሁ፣ እሱ ያላወቀውን ሳቀበት። እስከ ዛሬ በመካከላችን ያለው ልዩነት ያው ነው።

መምህሩ አልሳቁም። ቋንቋውን ባይሰሙትም ሳቁ ምን ዓይነት እንደሆነ ገብቷቸዋል። ትምህርቱ ሲያልቅ ጠሩኝና፣ «ጥያቄሽ ውስጥ መንገድ አለ። መንገዱን ማን ሰጠሽ?» አሉኝ። «ከትምህርት በፊት በማለዳ ላቦራቶሪው ውስጥ እገኛለሁ። መምጣት ከቻልሽ ነይ።»

የመጀመሪያው አውቶቡስ ኬላው ላይ ተፈትሾ እስኪደርስ ማለዳው ያልፋል። ስለዚህ በባቡር መሄድ ጀመርኩ። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው ባቡር ጎህ ሲቀድ አቃቂ ይደርሳል፤ ኬላው ያለው በአውቶቡሱ መንገድ ስለሆነ ባቡሩ አይነካውም፤ ከዚያ ለገሃር ሩቅ አይደለም። ለአቃቂ ሰው ባቡር ማለት ድሬዳዋ የሚኬድበት ነገር ነበር። ከተማ ለመድረስ ባቡር የሚሳፈር ሰው ሰፈራችን ውስጥ አላውቅም። ሦስተኛ ማዕረግ እገባለሁ። የእንጨት ወንበር ነው፤ እንቅልፍ ያደከማቸው ሰዎች፣ የሞጆ ሽንኩርት ከረጢት፣ ወለሉ ላይ የብርቱካን ልጣጭ። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ እቆማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ግን ባቡር ስለማይመቸኝ እንደ ድሮው በአውቶቡስ እመለሳለሁ።

ለማንም አልነገርኩም። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥር ካለ ይቁጠር። አክስቴ «አልገባኝም» የሚል ቃል ከአፌ ብትሰማ «ካልገባት ምን ያደክማታል» ብላ በማግሥቱ ታስቀረኛለች። አባቴ በዚያ ሰሞን የሌሊት ሽፍት ነበር፤ እሱ ከፋብሪካ ከመግባቱ በፊት እወጣለሁ፣ ማታ ስመለስ እሱ ለመውጣት ይዘጋጃል። እንግዲህ ከማን ጋር አወራዋለሁ።

ላቦራቶሪው ውስጥ መምህሩ ገመድ ነበራቸው። አንዱን ጫፍ ከመስኮቱ ብረት አሠሩት፣ ሌላውን እኔን አስያዙኝ። «አወዛውዢው» አሉ። ስለማመድ ቆይቼ ገመዱ ሁለት ሆድ አወጣ፤ ግራው ሲወጣ ቀኙ ይወርዳል፣ መሐሉ ግን ፀጥ ብሎ ቆሟል። መምህሩ መሐሉን በሁለት ጣታቸው ያዙት። ሁለቱ ወገኖች መወዛወዛቸውን አልተዉም።

«ገመዱ ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት አለፈ?»

«ገመዱ አላለፈም። ሁለቱም ጋ አለ።»

«ቅርጹ በሙሉ አንድ ላይ ነው ያለው። አሁን ተጠንቀቂ። ቅንጣቷ ገመድ አይደለችም። ግድግዳዎቹ መካከል እንደ ቅቤ የተለቀለቀች አይደለችም። ስትፈልጊያት ሁልጊዜ ሙሉዋን፣ አንድ ቦታ ላይ ነው የምታገኚያት። ግማሿ ግራ ግማሿ ቀኝ ሆና ያገኛት የለም። የተለቀለቀው ሞገዱ ነው። ሞገዱ የሚነግርሽም ብትፈልጊያት በየቦታው የማግኘት ዕድልሽ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ዕድሎቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲደመሩ አንድ ይሆናሉ፤ ማለት፣ የሆነ ቦታ መገኘቷ አይቀርም።»

በሌላ ማለዳ ሁለት የቆርቆሮ ጣሳዎች ደፉና ጠመኔ ከአንዱ ሥር ደበቁ። እኔ ዞሬ ነበር። «ጠመኔው የት ነው?»

«ከሁለቱ ከአንዱ ሥር። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።»

«አለማወቁ ያለው አንቺ ዘንድ ነው። ጠመኔው ቦታውን ያውቃል። ሰዎች ዌቭ ፈንክሽንን እንዲህ ያለ አለማወቅ አድርገው ይረዱታል። ለምን እንዳልሆነ አስቢበት።»

ብዙ ማለዳ አሰብኩበት። ነገሩ ያለው እዚያ በራስ ሲባዛ በሚጠፋው የመቀነስ ምልክት ላይ ነው። ሞገድ ከዜሮ በላይም ከዜሮ በታችም ይሆናል። አንዲት ቅንጣት ወደ አንድ ቦታ የምትደርስባቸው ሁለት መንገዶች ቢኖሩና የአንዱ ሞገድ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች ቢሆን፣ ይጠፋፋሉ፤ እዚያ ቦታ ላይ ቅንጣት አትገኝም። አንዱን መንገድ ብቻ ብትከፍት ትገኝ ነበር፤ ሁለቱንም ስትከፍት አትገኝም። ተራ አለማወቅ እንዲህ አያደርግም። ጠመኔ በአንድ በር ሊመጣ ይችላል፣ በሌላም በር ሊመጣ ይችላል ብትል፣ ዕድሉ ቢጨምር እንጂ አይቀንስም። ተራ ዕድል መደመር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ኤሌክትሮኗ «አንድ ቦታ አለች፣ እኛ ነን ያላወቅናት» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም። ከሥሩ ምን እንዳለ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ፤ አንድ ወገን መርጬ ሌላውን አላጣጥልም። ዌቭ ፈንክሽኑ ራሱ ግን መንገድ አይሰጥም። ስንፈልግ የምናገኝበትን ዕድል ይሰጣል። ከዚያ ያለፈ ቃል አልገባም።

እኔ ይህን ሳስብ ቃሊቲ ላይ ሌላ ነገር ይታሰብ ነበር።

የአክስቴ ባል ማታ ማታ ከከተማ ስወርድ ያየኛል። ጠዋት ጠዋት ስወጣ አያየኝም። በእሱ ዓይን በየቀኑ አቃቂ እገባለሁ፣ አንድም ቀን ግን አልወጣም። አንድ ሳምንት ታገሠ። ከዚያ እሱና አክስቴ ቁጭ ብለው መረመሩት። ኬላውን ሳይፈተሽ የሚያልፈው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ጥቁር መኪና ብቻ ነው። የኋላ መስኮቱ መጋረጃ አለው። እንግዲህ እኔ ያለሁት መጋረጃው ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ነው። ሰውየውን በሕይወቴ በቅርብ አይቼው አላውቅም።

ወሬው ወደ አቃቂ በምን እንደመጣ አላውቅም፤ እንደዚያ መኪና ሳይፈተሽ መጣ። ውሃ መቅጃው ላይ ስደርስ ሴቶች ወሬ ሲቀይሩ አወቅሁት። ከሰፈሩ ሁሉ ፊቱን ያልቀየረብኝ የስልጤው ባለ ሱቅ ነበር። አንዷ ሴት ፊቴ «አንተስ ምን ሰማህ?» ብትለው፣ «እኔ ጨው ነው የምሸጠው» አላት። እሱንም አመሰግናለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴና ባሏ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። አባቴ በዚያን ቀን ዕረፍት ነው። እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። የመጡበትን አውቄዋለሁ፤ ከነገ ጀምሮ ኮሌጅ እንድቀር ነው። የኬላው ጸሐፊ ሚስቱ ሞታበት ነበር፤ ለእሱ ሊድሩኝ ነው። ጸሐፊው የአክስቴ ባል አለቃ ነው። ይህን መጻፌ ሰው ራሱ እንዲደምረው ነው።

«ወንድሜ፣ ማታ ማታ ትወርዳለች። ጠዋት ጠዋት አትወጣም» አለች አክስቴ።

«እሺ» አለ አባቴ።

«እሺ ምንድነው? ሰው ሳይወጣ ይወርዳል?»

ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ የማይፈተሸው ብቻ ነው። የማይፈተሸው ደግሞ ጥቁሯ መኪና ናት። ሌላ አልጨምርም።»

ሽማግሌው ተጨነቁ። «ቆዩ እስቲ፣ መኪናው ውስጥ አየናት የሚል አለ?»

«አላየናትም እኮ ነው የምንለው» አለች አክስቴ፣ አልገባ ብሏቸው እንደሁ ብላ ቀስ እያለች። «ብናያትማ ምን ያስጨንቀን ነበር?»

«ጸሐፊው ደግ ሰው ነው» አለ ባሏ። «ልጆቹም አድገውለታል። ወሬው ሳይደርሰው ቶሎ ማለቅ አለበት።»

«ደርሶታል» አለች አክስቴ።

«ደርሶታል፣ ግን ይችለዋል።»

አባቴ እጅጌው ላይ የተጣበቀች የጥጥ ብናኝ ለቅሞ ጣቶቹ መካከል ሲያሽከረክራት በመጋረጃው ቀዳዳ ይታየኛል። ሲያስብ እንዲያ ነው። ከዚያ ጠራኝ። ገብቼ ቆምኩ። ነገ ጠዋት ኮሌጅ መሄዴና መቅረቴ የሚለየው በዚያች ደቂቃ ነው።

«ጠዋት ጠዋት በምንድነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«በባቡር።»

«ለምን በባቡር?»

«ያልገባኝ ትምህርት አለ። መምህሩ በማለዳ ያስረዱኛል። አውቶቡሱ አያደርሰኝም።»

«ምንድነው ያልገባሽ?»

አባቴ ስለ ትምህርቴ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው አሰብኩና፣ «አንድ ነገር አለ። ግራ ይገኛል፣ ቀኝ ይገኛል፣ መሐል ግን አይገኝም። መሐሉን እንዴት እንደሚያልፍ ነበር የጠየቅሁት» አልኩት።

የአክስቴ ባል ጭኑን መታ። «ይኸው፣ በራሷ አፍ ተናገረችው።»

አባቴ ወደ እሱ አላየም። «መልሱን አገኘሽ?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያ ሳታገኚ መቅረት የለም» አለ።

«ባቡር ላይ ማን አያት?» አለ የአክስቴ ባል። «ይጣራ። ነገ ጣቢያ ወርጄ እኔው ራሴ አያለሁ።»

«አትሄድም» አለ አባቴ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። «ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ጣቢያ ቆሞ ልጄን የሚያደባ ሰው ከዛሬ ወዲያ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቆርስም።»

አክስቴ አለቀሰች። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያላየውን ሲል ሰነበተ እኮ። ከዚህ በላይ ምን ይላል?»

መጀመሪያ የተነሡት ሽማግሌው ናቸው። ሲወጡ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ።

ስለዚያች እሑድ ሳስብ ያቺን የለቅሶ ቤት ልጅ ወሬ አልወደውም። «ካልታየ ቦታ የለውም» የሚለው ቃል ስለ ኤሌክትሮን ሲባል ጠለቅ ያለ ነገር ይነካ ይሆናል፣ በጥንቃቄ ከተባለ። ስለ ሴት ልጅ ሲባል ግን ውሸት ነው። እኔ ሞገድ አልነበርኩም። እኔ ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ፣ በሽንኩርት ከረጢትና በመስኮቱ መካከል ቆሜ ነበር። አለማወቁ የነበረው እነሱ ዘንድ ነው፣ እንደ ጠመኔው። ጣሳውን ማንሣት ነበረባቸው፤ ማለት፣ መጠየቅ። እሱን ያደረገው አባቴ ብቻ ነው።

ሰኞ ማለዳ ጣቢያ ስደርስ፣ ለባቡሩ ውሃ ከሚቀዳበት ትልቅ ጋን አጠገብ አንድ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተሸፋፍኖ ቆሟል። አቋቋሙን የማላውቀው መሰለው። ባቡሩ መጣ። ደረጃው ላይ እግሬን ሳደርግ ዞር አልኩ፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። የአክስቴ ባል ነው። ገባሁ። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮት አየሁት፤ ፊቱን ወደ ጋኑ አዙሮ ቆሞ ነበር።

ላቦራቶሪው ስገባ መምህሩ ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር። «ጥያቄዬ ቅንጣቷ ሳትፈለግ በፊት ቦታ ነበራት፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ ሄደች ብሎ ይነሣል» አልኳቸው። «ሞገዱ ግን ያንን አይልም። ብፈልጋት ግራ ላገኛት እችላለሁ፣ ቀኝ ላገኛት እችላለሁ ነው የሚለው። ከግራ ወደ ቀኝ መሄዷን የጨመርኩት እኔ ነኝ። መንገዱን የሰጠኝ አውቶቡሱ ነው።»

ገመዱን አስቀመጡት። ፈገግ ብለው አዩኝ። «ብዙ ሰው መንገዱን ሳይለቅ ዕድሜውን ይጨርሳል» አሉ። ከዚያ ጠመኔ ሰጡኝ። «በይ ሦስተኛውን ሞገድ ሣዪ።»

በዚያ ማታ በአውቶቡስ ስመለስ ቃሊቲ ላይ ቆምን። የአክስቴ ባል ወጣ። ከረጢት ዳበሰ፣ ሰዉን አንድ በአንድ አየ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ወንበሩ ባዶ እንደሆነ ሁሉ ዓይኑን አሳልፎ ከኋላዬ ወዳለችው ሴት ወሰደው። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ አድርጌ። ሰው ሁሉ እያየው መልስ መስጠት ግድ ሆነበት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ወደ ወለሉ።

ማየቱን ለማንም አልተናገረም። ለአክስቴ አልነገራትም፣ ለጸሐፊው አልነገረውም፣ ወሬውን ለሚያወሩት አላስተባበለላቸውም። ኬላ አይሳሳትማ። እኔም አባቴን «መጥቶ ነበር» ብዬ አልነገርኩትም፤ ማዕዱ እንዳይፈርስ ብዬ ነው። ሰፈሩ ለዓመታት «ያቺ የመኪናዋ» ሲለኝ፣ እሱ በየበዓሉ ቤታችን ተቀምጦ ይበላ ነበር። አክስቴ ሳታውቅ ሞተች፤ ብታውቅስ ምን ትል እንደነበር መገመት አልፈልግም። አንድ ሰው ፈልጎ አይቶ ያየውን ሲውጥ የሚያስረዳ ፊዚክስ እኔ አልተማርኩም፤ አላስተማርኩምም።

ይህን ቂም ዕድሜ ልኬን ይዤዋለሁ፤ አሁን ወረቀት ላይ አኖርኩት። ከእሱ የበለጠ የያዝኩት ግን ያንን የሰኞ ማታ ነው። አውቶቡሱ አቃቂ አውርዶኝ ቤት ስገባ አባቴ ለሽፍት እየተዘጋጀ ነበር። መብራቱ ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያሥራል። ቀና አለና፣

«አገኘሽው?» አለኝ።

«አገኘሁት።»

«እህ?»

«መንገድ የለውም። መንገዱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

የቀረውን ጫማ እያሠረ ትንሽ አሰበበት። የገባው አልመሰለኝም፤ ያልገባውም አልመሰለኝም። «እንግዲያ ነገ በማለዳ መሄድ ቀረ ማለት ነው?» አለ።

«የለም። ሌላ ሰጥተውኛል። ይኼኛው ሁለት ቦታ ላይ ባዶ ነው።»

«ሁለት ቦታ» አለ አባቴ። ራሱን ነቀነቀና ኮቱን አነሣ። «በይ ራትሽን ብዪና ተኚ። ባቡሩ እንዳያመልጥሽ።»

ሲረኑ ጮኸ፣ እሱም ወጣ።